የምሳ ሰዓት ግጥም

ልጅ ሆኜ ከቀኑ ሁሉ የምፈራው የምሳ ሰዓትን ነበር። ሌላው ልጅ ጨለማ ይፈራል፣ ውሻ ይፈራል፣ መርፌ ይፈራል። እኔ ግን የምፈራው ከግንቡ ማዶ ያለው የቢራ ፋብሪካ ፊሽካ እኩለ ቀን ላይ ሲጮህ ነው። ከፊሽካው በኋላ የአባቴ ቦት ጫማ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ሲመጣ ይሰማኛል። እሱ ይገባል፣ እናቴ መጋረጃውን ትጋርዳለች፣ እኔ ቁራሽ ዳቦዬን እንደያዝኩ ወደ ውጭ እባረራለሁ።

«ደጅ ተጫወቺ። ሰው ከመጣ አባቴ ተኝቷል በይ» ትለኛለች እናቴ። ከኋላዬ መቀርቀሪያው ቀጭ ይላል።

እንግዲህ «ደጅ ተጫወቺ» የተባለች ልጅ እውነት ደጅ ትጫወታለች ብሎ የሚያምን ወላጅ የዋህ ነው። የጓዳው በር ጣውላ ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁ ደግሞ ልክ ለእኔ ቁመት የተሠራ ይመስል ነበር። ቤቱን በጓሮ ዞሬ ሄጄ ዓይኔን ለጠፍኩበት። ያየሁትን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ።

እናቴ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አባቴ ከኋላዋ ቆሞ በገዛ ሻርፗ ዓይኗን እያሰረ ነው። ሻርፑን ሁለቴ አዙሮ ማጅራቷ ላይ ቋጠረው፤ ቋጠሮው ጠጉሯን ሲጎትታት ፊቷን ቅጭም ስታደርግ አየሁ። ከፊቷ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። አባቴ ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ ትንንሽ ጠርሙሶች አውጥቶ ቀዳ፤ አንዱን ብርጭቆ አንስቶ እጇ ላይ አስጨበጣት።

«ጠጪ።»

«ቆይ፣ ትንሽ ልተንፍስ።»

«ጊዜ የለም። ጠጪ።»

እናቴ በሕይወቷ ቢራ ቀምሳ የማታውቅ ሴት ነበረች። ጎረቤት ሲጋብዛት እንኳ «ለሚያውቀው ስጡት» የምትል ሴት። ያቺ ሴት ዓይኗ ታስሮ ስትጠጣ ሳይ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ዳቦዬን ጉንዳን በላው።

ስለ አባቴ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። አባቴ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ቀማሽ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ «እንዲህ ያለውን ሥራ ለእኔም ባደረገው» ብሎ ይስቃል። ቀማሽ ግን ጠጪ አይደለም። አንድ ጉንጭ ይይዛል፣ በአፉ ያዞራል፣ በአፍንጫው ይስባል፣ ከዚያ የቀመሰውን በቃል መናገር አለበት። የአባቴ ፋብሪካ ደግሞ የራሱ አመል ነበረው። ዋናው ጠማቂ፣ ሁሉም «ሽማግሌው» የሚሉት ረዥም ሰው፣ ከቀማሾቹ በቁጥር የተሰጠ ነጥብ አይቀበልም። «ጥሩ ነው»፣ «ይመራል»፣ «ትንሽ ይጣፍጣል» ብሎ የጻፈ ወረቀቱ ይመለስለታል። ሽማግሌው የሚቀበለው ግጥም ብቻ ነበር። ጠዋት ይቀምሳሉ፤ ከምሳ በኋላ እያንዳንዱ ቀማሽ ሁለት ስንኙን ይዞ ይገባል። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ካዳመጠ በኋላ ቢራው ለገበያ ይውጣ ወይም ይደፋ ብሎ ይወስናል።

ሳቁ እንጂ። እኔ ግን ሁሉም ፋብሪካ እንደዚያ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ሚስማር የሚሠሩትም ስለ ሚስማር የሚገጥሙ ይመስለኝ ነበር።

ከቀማሾቹ ሁሉ የአባቴ ግጥም ነበር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው። ጠርሙስ የሚያጥቡት ሴቶች እየተቀባበሉ ያዜሙታል፤ በግንቡ በኩል ቤታችን ድረስ ይሰማል። መጨረሻው ላይ የሚመር አንድ ቢራ ነበር፤ ስለ እሱ የገጠመው እስካሁን በቃሌ ነው፦

ሲገባ እንደ እንግዳ አንገቱን አቀርቅሮ፣
ሲወጣ እንደ አማት በሩ ላይ ተማርሮ።

በዚህ የተነሳ «ምላሱ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። «የምላሱ ልጅ» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

የምንኖርበትም ቤት የምላሱ እንጂ የእኛ አልነበረም። ቤቱ የፋብሪካው ነው፤ ቀማሽ የሆነ ይኖርበታል፣ ቀማሽነቱ ያበቃ ቁልፉን ያስረክባል። ከእኛ በፊት የነበረው ቀማሽ አርጅቶ ተሳስቶ ሲባረር፣ አልጋውንና ድስቱን በጋሪ ጭኖ ሚስቱ ከኋላ እያለቀሰች ሲወጡ እናቴ በዓይኗ አይታለች። ያን ቀን ነው እኛ የገባነው።

በአንድ ክረምት አባቴ ታመመ። ጉንፋን መስሎ ጀመረው፤ ከዚያ ትኩሳቱ አልጋ ላይ ጣለው፣ ሰነበተ፣ ከስቶ ተነሳ። ሰው ሁሉ እንኳን ማረህ አለው። የተነሳው ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ይህን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ከመታመሙ በፊት ከሥራ ሲመለስ ያነሳኝና አናቴን ያሸተኛል። «አሃ፣ ዛሬ አሸዋ ላይ ነበርሽ። ደግሞ የሰው ብርቱካን በልተሻል» ይለኛል። ስቶ አያውቅም። ጠንቋይ ይመስለኝ ነበር። ከተነሳ በኋላ ግን ሲመጣ አናቴን በመዳፉ ቸብ አድርጎ ያልፋል። አንድ ቀን ሮጬ መንገድ ዘግቼበት ራሴን አስጠጋሁለት፤ «እስቲ የት እንደነበርኩ?» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አናቴ ላይ ቆየ፣ ከዚያ «ሂጂ ወደዚያ፣ አትነዝንዢኝ» ብሎ ገፋ አደረገኝ። ፊቱ ነጭ ሆኖ ነበር። ጠልቶኛል አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ነገር መጣ። እናቴ ሽንኩርት እሳት ላይ ጥዳ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። አባቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጣሪያውን ያያል። እኔ ከውጭ ስገባ ክፍሉ በጭስ ታፍኗል፤ ድስቱ ከስሏል፣ መጋረጃው ጫፍ ላይ እሳት ይልሳል። አባቴ ግን ከዚያው አልተንቀሳቀሰም። ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ ነው የተቀመጠው። ጮህኩ። ዞር ብሎ ሲያይ እንዴት እንደደነገጠ አልረሳም፤ ባዶ እጁን መጋረጃው ላይ ሰንዝሮ ቦጨቀው፣ በጫማው ረገጠው። እናቴ ስትመለስ «ለምን ቶሎ አላጠፋኸውም?» አለችው። እሱ የተቃጠለ እጁን ውሃ ውስጥ ነከረ። እኔም ጥግ ተወሽቄ፣ አባዬ ቤቱን ሊያቃጥልብን ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማዬን አድርጌ ነበር የምተኛው።

ዛሬ የልጆች እናት ሆኜ ሳስበው ነገሩ እንዲህ የተሰወረ አልነበረም። ትኩሳቱ የአባቴን አፍንጫ ይዞት ሄዷል። ጭሱ አልሸተተውም። አናቴም አልሸተተውም። ቢራውም ከውሃ የሚለየው በአረፋው ብቻ ሆኖበታል። ፋብሪካው ይህን ቢያውቅ በዚያው ሳምንት ጋሪ በራችን ላይ ይቆማል። የሚያውቁት እሱና እናቴ ብቻ ነበሩ፤ እኔ ወሬ ይዤ እንዳልሮጥ ተብሎ ምንም አልተነገረኝም። ስላልተነገረኝ ደግሞ የራሴን ወሬ ሠራሁ።

ጠዋት ከቀማሾቹ ጋር ተቀምጦ ያስመስላል። ያዞራል፣ ዓይኑን ያጠባል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቢራ ጥቂት ጥቂት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ደብቆ በምሳ ሰዓት ወደ እናቴ ይሮጣል። እናቴ ትቀምሳለች፤ እሱ ይገጥማል። ዓይኗን የሚያስራት የሙያው ወግ ስለሆነ ነው። ዓይን ቀለሙን ካየ ምላስን ያሳስታል ይላሉ ቀማሾች።

በስንጥቁ ለምታይ ልጅ ግን ወግ የሚባል ነገር አይታይም። የሚታየው የታሰረች እናትና የሚጮህ አባት ነው።

«ምን ተሰማሽ?»

«ይመራል።»

«ይመራል አትበይኝ አላልኩሽም? 'ይመራል' ብዬ ልግባ ወይ እዚያ ሰውዬ ፊት? ማንን ይመስላል? ከዚህ በፊት የት አግኝተሽዋል?»

«እኔ እንጃ... ቆይ...»

«ንገሪኝ። አትደብቂኝ።»

«ቆይ አታጣድፈኝ እንጂ። ሸሚዝህን ስተኩስ። ገና እርጥብ እያለ... ካውያው ሲያርፍበት እፍ ብሎ ፊቴ ላይ የሚመጣው...»

አባቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይጽፋል። ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በጣቶቹ ይቆጥራል፤ ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ እንደገና ያጥፋል። ስንኙ ልኩን እንዲይዝለት የፊደሉን ብዛት እየቆጠረ ነበር። እኔ ግን የእናቴን ጥፋት የሚቆጥር መሰለኝ። አምናለሁ ብላ የተናዘዘችው ሸሚዝ መተኮስን ነው፤ ይሄ ምን ጥፋት አለው እያልኩ ስጨነቅ፣ በማግሥቱ ከግንቡ ማዶ ሴቶቹ ሲያዜሙ ሰማሁ፦

ገና ያልደረቀ ሸሚዝ ሲተኮስ፣
እንፋሎቱ ወጥቶ ፊትን ሲዳስስ።

ክው አልኩ። የእናቴን ምስጢር ለፋብሪካ ሁሉ አወጣው ማለት ነው አልኩ።

ከሁሉ የከፋው ግን ያለቀሰችበት ቀን ነው። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ቀመሰችው፣ ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ከሻርፑ ሥር እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

«ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«ይሄን ተወው። ሌላውን ስጠኝ።»

«ምንድን ነው አልኩሽ? ንገሪኝ እንጂ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

«ልጅ ሆኜ ጎርፍ ቤታችን ገብቶ ነበር» አለች እናቴ። ድምፅዋን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። «ውሃው ሲሄድ አባቴ የእናቴን ሣጥን ከፈተው። እሷ ከሞተች ቆይታለች። ልብሷ ሁሉ... እርጥብ ካርቶን፣ እርጥብ ጨርቅ። ቀለሙ ተያይዞ ሄዷል። ያ ሽታ ነው። ይሄ ቢራ ያ ነው።»

አባቴ እየጻፈ ነበር። እሷ እያለቀሰች እሱ እየጻፈ። በስንጥቁ በኩል የነበረው ዓይኔ ይቃጠል ጀመር። ያኔ ድንጋይ አንስቼ በሩን ብሰብረው እንዴት ደስ ባለኝ። አልቻልኩም። ሽንቴ አመለጠኝ እንጂ ሌላ ያደረግሁት የለም።

ጎርፍ ከሄደ ኋላ ሣጥን ተከፍቶ፣
የእናት ቀሚስ ወጣ ቀለሙን አጥቶ።

ሽማግሌው ይህን ሲሰማ ያ ቢራ እንዲደፋ አዘዘ አሉ። የፋብሪካው የፍሳሽ ጉድጓድ እስከ ማታ አረፋ ሲተፋ ዋለ። ሌሎቹ ቀማሾች ምንም አላገኙበትም ነበር፤ ጠርሙሶቹ ከመጋዘን ተከፍተው ሲታዩ ግን ቆርኪው አየር አስገብቶ ኖሯል፤ አየር የገባበት ቢራ እርጥብ ካርቶን ይሸታል።

እናቴን ለማዳን አንድ ነገር አሰብኩ። ሻርፑ ከሌለ ማሰር አይችልም። ጠዋት ሰርቄ ፍራሼ ሥር ወሸቅሁት። በምሳ ሰዓት ከውስጥ ዕቃ ሲገለባበጥ ሰማሁ። «የት ነው? የት አደረግሽው?» ይላል አባቴ። «እዚሁ ነበር» ትላለች እናቴ። ተሳካልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ስንጥቁ ላይ ዓይኔን ሳደርግ፣ አባቴ ከሚስማሩ ላይ የእኔን የትምህርት ቤት ሹራብ አውርዶ በእጅጌው ሲያስራት አየሁ። በማግሥቱ ያንን ሹራብ ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ክንዴን ከገላዬ አርቄ ዋልኩ፤ አስተማሪዋ ብብቴ ቆስሎ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አባቴም ደህና አልነበረም፤ ያኔ ግን ለማየት አልፈለግሁም። ከምሳ በኋላ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ግራና ቀኝ ያያል። ጎረቤት ድንገት ሲያንኳኳ ብርጭቆውን ቀሚሷ ሥር ይደብቃል። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ «እረፍ፣ ምንም አይመጣም» ስትለው «አንቺ ምን አለብሽ» ይላታል። ልጅ ክፉ ሰው የሚያውቀው በጩኸቱ ነው፤ እኔም የሚጮኸው ማን እንደሆነ ነበር የምሰማው።

ከዚያ ሽማግሌው መጣ።

ያን ቀን አባቴ ግጥሙን ቶሎ ጨርሶ በጓሮ በኩል አቋርጦ ሄዷል። እናቴ ግን እሱ ከወጣ በኋላም ሻርፑን ሳትፈታ ጥቂት ትቀመጥ ነበር። ራሷን ወደ ኋላ ትጥልና ዝም ትላለች። ይህን ሳይ ሁልጊዜ የሰከረች ወይም የሞተች እየመሰለኝ እስክትንቀሳቀስ ድረስ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁ ሳለ በፊት ለፊቱ መንገድ ያ ረዥም ሰው በቦት ጫማው እየተንቀረፈፈ ሲመጣ አየሁት። እኛ ቤት መጥቶ አያውቅም። ብቅል ብቅል ይሸታል።

«አባትሽ አለ?»

«አባቴ ተኝቷል» ማለት ነበረብኝ። አላልኩትም። እውነቱን ለመናገር ከውስጤ የሆነ ነገር ይግባ፣ ይግባና ይይልን እያለ ነበር። ከመንገዱ ላይ ዘወር አልኩለት። አባቴ መንገዱን አይቶ ሲመለስ ሳይቀረቅረው ስለቀረ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ገፋ አድርጎት ገባ። እኔም ከኋላው ተከተልኩ።

እናቴ ዓይኗ እንደታሰረ የቦቱን ድምፅ ሰማች። አባቴ የተመለሰ መሰላት።

«እንኳን ተመለስክ» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «የመሐለኛውን ብርጭቆ ልክ አልነገርኩህም። መጨረሻው ላይ ቅድም ካልኩህ ሌላ አለ። ሰው ለመሸኘት ወጥተህ፣ መኪናው ሄዶ ብቻህን ስትመለስ አፍህ የሚደርቀው አለ አይደል? እንደዚያ ነው። ጻፍከው?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጻፍከው ወይ?»

«ሰማሁት» አለ ሽማግሌው።

እናቴ ሻርፑን ከፊቷ ቦጨቀችው። አንዱ ብርጭቆ ወድቆ ተከሰከሰ። ፊቷን አየሁት፤ እኔን ውሻ ሊነክሰኝ በነበረ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አልሆነችም ነበር። «ጌታዬ... እርስዎ...» አለች። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሮ «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ውጭ ሁኚ» አለኝ። በሩን ዘጋው።

ወደ ስንጥቁ ሮጥኩ። የሰውየው ቁመት ሁሉን ነገር ጋርዶታል፤ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየኝ። ጆሮዬን ጣልኩ። የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው። «ከመቼ ጀምሮ?» ይላል እሱ። «ልጅ አለን» ትላለች እናቴ። «ቤቱን...» ትላለች። እሱ ዝቅ አድርጎ ረዥም ነገር ተናገረ። ጠረጴዛው ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ ጎርነን ያለ የሚያስፈራ ድምፅ ወጣው፤ እንደ ማጉረምረም ነበር። መጨረሻ ላይ በሩ አጠገብ ደርሶ የተናገረውን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

«ለማንም። ለባልሽም ቢሆን። ከነገርሽው አለቀልን።»

ሲወጣ አናቴ ላይ እጁን አሳረፈ። ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። ተቆጥቷል አልኩ።

እናቴ ጉልበቷ ላይ ወድቃ የብርጭቆውን ስብርባሪ ትለቅማለች። እኔን ስታይ ትከሻዬን ይዛ ፊቷን ፊቴ ላይ አስጠጋች። «ማንም አልመጣም። ሰምተሻል? ለአባትሽ ትተነፍሺና» አለችኝ። ማታ አባቴ ሲገባ እንደ ልማዱ «ሰው መጥቶ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እሷ ሳታቅማማ «ማን ይመጣል?» አለችው። ያኔ አከተመልን አልኩ። እናቴ ለአባቴ ዋሸች፤ ሽማግሌው ሊገድላት ካልዛተባት በቀር አትዋሽም።

ከዚያ በኋላ ያደግሁት አፌን ይዤ ነው። ሽማግሌውን መንገድ ላይ ካየሁ ዛፍ ኋላ እደበቃለሁ። በር የሚያንኳኳ ሁሉ እሱ ይመስለኛል። አባቴ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እየተንቀጠቀጠ ይገባል፣ ይጮሃል፣ ይጽፋል፣ ይወጣል። ትንሽ አደግ ስል የአፍንጫውን ነገር ራሴ ደረስኩበት፤ ጠየቅኋት፣ እናቴም አመነችልኝ። በዚህ አባቴን መፍራቴ ቀረ። የሽማግሌው ነገር ግን አልቀረም። አባቴ በክብር ጡረታ ወጣ፣ ሰዓት ሸለሙት፤ እኔ ግን በዚያ ድግስ ላይ እንኳ ሽማግሌው በከዘራው ተደግፎ ሲነሳ፣ አሁን ሊያወጣው ነው ብዬ ሳህኔን አስቀምጬ ነበር። እሱ ግን አባቴን አቅፎ ሳመው።

ባለፈው ዓመት አባቴ ሞተ። እናቴን ወደ እኔ ቤት አመጣኋት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ውጭ ይጫወታሉ፣ እኛ ልብስ እናጥፋለን። እንዲሁ አፌ ላይ መጣልኝና «ያ ሽማግሌ ግን ያን ቀን ምን ብሎ ነው ያስፈራራሽ?» አልኳት።

አንሶላውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

«ማን ማንን አስፈራራ? ሰውዬው አለቀሰ እንጂ።»

«ምን?»

«እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። እሱም አይሸተውም ነበር እኮ። ጎረምሳ ሆኖ የማቀዝቀዣው ጋዝ አምልጦ አፍንጫውን አቃጥሎታል። ዋና ጠማቂ ሲሆን ለማንም አልተናገረም። 'ቁጥር ቢሰጡኝ ምን አደርገዋለሁ? ሰባት ምን ይሸታል? ግጥም ሲሉኝ ግን እቀምሰዋለሁ' አለኝ። ያን ሁሉ ሰው ግጥም ያስገጠመው ለዚህ ነው።»

አንሶላው ከእጄ ወደቀ።

«ታዲያ ለምን መጣ?»

«አባትሽ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አንድ ግጥም አንብቦለት። ያኛው፣ የሕፃኑ» አለችና ዓይኗን ጨፍና በቃሏ አለችልኝ፦

ጡት ጠግቦ የተኛ የሕፃን ትንፋሽ፣
ከእቅፍ ሲያወርዱት ቀስ ብሎ የሚሸሽ።

«'ባልሽን አውቀዋለሁ፤ ልጅ አስተኝቶ አያውቅም። ይሄ የማን ምላስ ነው ብዬ ነው የመጣሁት' አለኝ። እኔ የምንባረር መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ። እሱ ግን ቀጥዪ አለኝ። 'ላሳፍርሽ ብዬ አይደለም የገባሁት፤ እኔ እንደማውቅ ግን ለባልሽ አትንገሪ፤ ከነገርሽው የእኔን ምስጢር ነው የምትነግሪው' አለኝ። እሺ አልኩት። ምን ልበል?»

«አባዬ ግን ሲንቀጠቀጥ ኖረ» አልኳት። ድምፄ ከፍ ማለቱን የሰማሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው። «ያን ሁሉ ዓመት። የሚፈራው ሰው አስቀድሞ እያወቀ።»

«አዎ።»

«ለአባዬ እንድትነግሪው ሽማግሌውን ለምነሽው ቢሆንስ?»

እናቴ የአንሶላውን ጫፍ በጣቷ አለሰለሰችው።

«መለመን አላስፈለገኝም» አለች። «ራሱ መጥቶ ነግሮኛል። አንቺ ትምህርትሽን ሳትጨርሺ ነው። መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ 'ባልሽ እኔ ፊት ሲያነብ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንጀቴን በላኝ፣ አሁን ንገሪውና ይረፍ' አለኝ።»

«እና?»

«አልነገርኩትም።»

ልጆቹ ከውጭ ኳሱን አቀብሉን ብለው ይጮሃሉ። ማናችንም አልተነሳንም።

«አባትሽ ክፉ ሰው አልነበረም» አለች። «ግን ከመታመሙ በፊት ምን ይሰማሻል ብሎኝ አያውቅም። ማንስ ሚስቱን ይጠይቃል? ይገባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ከዚያ ወዲህ ግን በየቀኑ ወንበር ስቦ ፊቴ ይቀመጣል። ምን ተሰማሽ ይላል፣ የት አገኘሽው ይላል፣ አትደብቂኝ ይላል። ስለ እናቴ ነገርኩት። ስላስወረደኝ ልጅ ነገርኩት፤ አንቺ እንኳ አታውቂም። ሁሉንም እየተንቀጠቀጠ ጻፈው። ተረጋጋ፣ ሰውዬው ያውቃል ብለው ኖሮ ምሳውን በልቶ ይተኛ ነበር። ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ፊሽካው ይጮሃል፤ መጥቶ ዓይኔን ያስረኛል፤ ነገ እላለሁ።»

የወደቀውን አንሶላ አነሳሁ።

«ሊሞት ሲል ሆስፒታል ውስጥ» አለች፣ «ከጎኑ ያለውን አልጋ አየት አደረገና ጆሮዬ ድረስ ተጠግቶ፣ 'እስካሁን አላወቁም አይደል?' አለኝ። ፋብሪካውን ትቶ ስንት ዘመኑ። ሽማግሌው ሞቶ። ይሄው ገና ይፈራል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በዚያ ሰዓት፣ ዕድሜህን ሙሉ በከንቱ ነው የፈራኸው ብዬ ልንገረው? 'አላወቁም' አልኩት። 'ጎበዝ' አለኝ። እጄን ጨበጥ አደረገኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

ያጠፍነውን ልብስ ወደ ጎን ገፍታ እጇን እጄ ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ ብትሆኚ ትነግሪው ነበር?»

ያን ሁሉ ዘመን ከጓዳው በር ኋላ ቆሜ አንድ ሰው ይግባና ያድናት እያልኩ የጸለይኩላት ሴት ናት። ፊቷን አየሁት፤ የማውቀው ፊት ነው፣ ደግ ነው። ፈራኋት። እጄን ግን ከእጇ አላወጣሁም።